እንቁላል ያልገባበት ማካሮኒ

መጋቢት 4፣ ሐሙስ፣ ጧት 1፡30

ካሮት እየመዘንሁ ነው። ጥቅል ጎመኑ ተመዝኗል። ድንቹም። ማካሮኒው በፌስታል፣ እንቁላሉ በጭድ ውስጥ፣ ወተቱ በትንሽ ጀሪካን። ሹፌሩ ውጭ ጡሩምባ ይነፋል። ይንፋ። ደብተሬ ሆይ፣ አንቺን ከቦርሳው ሥር ከትቼሻለሁ፤ ወተት ከፈሰሰብሽ ከወዲሁ ይቅርታ።

ዛሬ ጉና ተራራ ግርጌ ላሉ እናቶች የሕፃናት ምግብ ሠርቼ አሳያለሁ። ማካሮኒ በአትክልት፤ ድስት ውስጥ ሆኖ ከላይም ከታችም ፍም ይደረግበታል፣ ልክ እንደ ድፎ። የምግብ ይዘቱን ያሰላሁት ራሴ ነኝ። ፕሮቲኑ፣ ብረቱ፣ ቫይታሚን ኤው፣ ሁሉም ትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም ተጽፏል። ኃላፊዬ አይቶ ይኼ ነው ሥራ አለኝ። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል፤ አልደብቅሽም።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት 10፡00

ተመለስሁ። ጀርባዬ አልቋል። ልጆቹ ድስቱን ጠራርገው በሉ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየን። ከኔ በቀር።

ድስቱ የዓለምነሽ ነው፣ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ። የጾም ድስቷ። እንቁላሉን ሳነሣ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ቀስ ብለው ተናገሩ፦ «ልጄ፣ ሕፃኑስ ጦም የለበት። ድስቱ ነው እንጂ የሚነካው።» ሁሉም ዓይን ወደኔ ዞረ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ በሁዳዴ፣ እነሱ ፊት፣ በሰው የጾም ድስት እንቁላል ስሰብር ታየኝና ፊቴ ጋለ። እንቁላሉን ወደ ጭዱ መለስሁት። ወተቱንም ዘጋሁት። በዘይትና በውኃ ሠራሁት።

ከዚያ አንዲት ወጣት እናት፣ የሻረግ ትባላለች፣ ማስተዋል የምትባል ሕፃን ልጇን እንዳዘለች ወረቀቱን አየት አድርጋ ጠየቀችኝ። እንቁላሉ ባይገባም ያው ነው ወይ?

ያው ነው አልሁ።

ለምን እንዳልሁ አላውቅም። ኧረ አውቃለሁ። ያን ያማረ ወረቀት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸት ነው ማለት ከበደኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ፣ ቢሮ

ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት። ካሮቱና ጎመኑ ጥሩ ናቸው፣ እነሱን ማን ይክዳል። ፕሮቲኑ ግን ወረደ። ከምን በታች እንደ ወረደ ልንገርሽ? ራሳቸው ከሚያገነፉት ከገብስና ከባቄላ ገንፎ በታች። ያን ሁሉ ኮረኮንች ተንገጫግጬ ሄጄ የሚሻለውን አስጥዬ የሚያንሰውን አስተምሬ መጣሁ። ባለሙያ ነኝ እኮ። በወር በወሩ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

ሪፖርቱ ተልኳል፤ ፎቶው ከነወረቀቱ። ለዓለምነሽ ልደውል ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ኔትወርክ የለም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ነበር።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ራሷ ዓለምነሽ ደወለች። ደስ ብሏታል። በየቤቱ ማካሮኒ ይሠራል። የሻረግማ ከሁሉ ብሳለች፣ እንቁላሏን ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ሸጣ ማካሮኒ ገዝታ ትመለሳለች። ኃላፊዬ ይህን ሲሰማ ወረቀቱ ታትሞ ለሌሎቹ ቀበሌዎችም ይበተን አለ። እጄን ጨበጠኝ። ከጥርስ የማያልፍ ሳቅ ሳቅሁ።

አሁን ልናገር ብል ለምን ያኔ አልተናገርሽም ይባላል። በቆየሁ ቁጥር ይብስብኛል። ይህን እያወቅሁ እቆያለሁ። ፈሪ ነኝ ደብተሬ፣ ሌላ ስም አታውጪልኝ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ፣ ጤና ኬላው

ለወርኃዊ ልኬት መጥቻለሁ። በእረፍት ሰዓት፣ ጓሮ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

የሕፃናቱን ክንድ የምንለካባት ጥብጣብ አለች፤ አረንጓዴ ደኅና፣ ቢጫ አስጊ፣ ቀይ አደገኛ። ማስተዋል ቢጫ ላይ አረፈች። ባለፈው አረንጓዴ ነበረች፣ ወደ ቢጫው ጠጋ ያለች ብትሆንም። ደግሜ ለካሁ። ቢጫ።

የሻረግ ምን አጠፋሁ አለች። እንዳልሽኝ ነው የማደርግ፣ አንድ ቀን አላስተጓጐልሁም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን ስሚ። ከማካሮኒው በፊት ጧት ጧት ለልጇ እንቁላል ትጠብስላት ነበር፤ ድስት እንዳይነካ በባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ ከቤቱ ጀርባ። ጎረቤቶቿ ሽታው ደርሷቸው፣ በልጇ አሳብባ ራሷ ትበላለች ብለው አሟት። እኔ ያው ነው ስላት ጊዜ ተገላገልሁ ብላ ተወችው። ጣሳውንም ጣለችው።

ይህች ሴት የኔን ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። መፍትሔውን አግኝታው ነበር። እኔ ነኝ ያስጣልኋት።

እና ምን ብላት ጥሩ ነው? ተቅማጥ ነበራት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት ቀን ይዟት ተዋት አለች። እንግዲህ ከሱ ይሆናል አልኋት። አመነችኝ። ልጅ ይስጥሽ ብላ መረቀችኝ።

ዓለምነሽ የልጅቷን ስም ክትትል የሚያስፈልጋቸው ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ሲጻፍ ቆሜ አየሁ። የኔ ስም ቢጻፍ ይቀለኝ ነበር።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ለኃላፊዬ ነገርሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የቀረው፣ ያኔ ሁሉም እንቁላል ይበላል፣ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል አለ። ወረቀቱ ማተሚያ ቤት ነው። ሪፖርቱ አልፏል። ለምን ራስሽን ታዋርጃለሽ አለኝ።

ልቤ ተቀበለው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ደረጃውን እስክወርድ ድረስ ቀሎኝ ነበር። ታች ስደርስ ሁለት ሳምንት ለዚያች ክንድ ምን ማለት እንደሆነ አስታወስሁ፤ ይህን ለማወቅ ነው የተማርሁት። ምሳ ቀረበልኝ፣ አልበላሁም። ጾም እንዳይመስልሽ። ማፈር ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ፣ ረፋድ 4፡30

በራሴ መጣሁ። በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። የቢሮ መኪና የለ፣ ወረቀት የለ። አንድ አዲስ ትንሽ መጥበሻና አንድ ደርዘን እንቁላል ብቻ። መጥበሻው የሕፃናቱ ነው፤ ሌላ ነገር አይሠራበትም።

የሻረግን ቤቷ አገኘኋት። ሳልቀመጥ ነገርኋት። ያው አይደለም፣ ያን ቀንም አውቄ ነበር፣ የተቅማጡንም ነገር ያልሁት ራሴን ለማዳን ነው አልኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈቻት።

«ታዲያ ልክ የነበርሁ እኔ ነኛ?»

አዎ አልኋት።

እንባዋ መጣ። እኔ እኮ ልጄን ኃጢአት የማበላ መስሎኝ እየተደበቅሁ ነበር አለች። ይቅርታ አድርጊልኝ ልል አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«እኔን ተይኝ። ያሙኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ለእነሱ ንገሪያቸው፣ እኔ ባለሁበት።»

አሁን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ነኝ። ቅዳሴ አልቋል። ዓለምነሽ ሴቶቹን እየጠራች ነው። ያን ቀን ስለ ድስቱ የተናገሩት እናት መጥተዋል፣ ጎረቤቶቿም መጥተዋል። የሻረግ ከፊት ተቀምጣለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ስልኬ ይጮኻል፣ ኃላፊዬ ነው። አላነሣውም።

እንዳልሸሽ የምለውን አስቀድሜ ልጻፈው። እናቶቼ፣ ያን ቀን የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። የሻረግ ከኔ በላይ ታውቃለች፣ ያማችኋትም በከንቱ ነው። አሁን እሷ ትጠብሳለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እንቁላሉን አቀብላታለሁ።