ገበያው ከጎሬ የሚርቅበት ካርታ

ለተሾመ፣ ለእኔው መምህር፤

ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አትሰጠኝም፤ ስለዚህ የቤታችንን ልንገርህ። የጓሮው በር ማጠፊያ ወልቆ በገመድ አስሬዋለሁ። ባጃጅ አሁን እስከ ደጃችን ይወጣል። ካርታህ ሳሎን እንደተሰቀለ ነው፤ አላነሳሁትም።

ስንቴ ተጨቃጨቅንበት! ዕድሜህን ሙሉ ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖረህ፣ ጡረታ ወጥተህ በካላንደር ጀርባ የሳልከው የከተማችን የመቱ ካርታ በኪሎሜትር ሳይሆን በደቂቃ ሆነ፤ አንድ ጣት ስፋት አሥር ደቂቃ። ከሰው ጋር የቆምክበትን ሁሉ በሰዓትህ ይዘህ ደምረህበታል። ከገበያ እስከ ቤታችን በእግር ሰባት ጣት መጣ፤ ሌላ ከተማ የሆነው ጎሬ በሚኒባስ አምስት እንኳ አልሞላም። ገበያው ከጎሬ ይርቃል ማለት ነው! እንግዳ ባየው ቁጥር እኔ አፍር ነበር፤ አንተ ደግሞ ለማስረዳት ወንበር ስበህ ትቀመጣለህ።

ከአርባህ በኋላ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ሰዓቱን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ እግዜር ያጽናሽ ብሎኝ ያልፋል። አንተን ግማሽ ሰዓት የሚያቆምህ ልብስ ሰፊው ኦቦ ገመቹ ሲያየኝ ስፌት መኪናው ላይ ያቀረቅራል። ለካ ሰው የሚቆመው ላንተ ኖሯል። እኔማ በቃ እንሂድ እያልኩ እጅጌህን የምጎትት ነበርኩ። ይህን ሳስብ ራሴን ጠላሁት።

ልጃችን ሂሩት ጅማ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ትለኛለች። እዚያ ብቻሽን ምን አለሽ እያለች ትጠይቀኛለች። በአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ከተማ ውስጥ ምን ይዞኝ እቀራለሁ? ልብሴን ማጣጠፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ኦቦ ገመቹ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሰበብ ፈልጌ ስለ ጥቁር ቀሚሴ ጠርዝ ጠየቅኩት። ሲጨንቀው ወደ ኦሮምኛው ይዞር የለ? በኦሮምኛ እየተንተባተበ፣ እንዳያስለቅሰኝ ብሎ ሲሸሸኝ እንደከረመ ነገረኝ። እዚያው አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ ወንበር አወጣልኝና ስላንተ አወራን፤ አንዱን ሱሪ አጠረ ብለህ ሦስቴ እንዳስፈታኸው ከእሱ ሰማሁ። ቤቴ ስገባ ሰላሳ ስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ያንተን ካርታ አልነካሁትም። አጠገቡ ሌላ ወረቀት ለጥፌ የራሴን የደቂቃ መስመር ጀምሬያለሁ፤ ጠማማ ሆኗል። አብዛኛውን ቀን አሁንም አጭር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጭራሽ የሚቆም የለም። ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽህም። ሂሩትን ግን አልመጣም ብያታለሁ።

ተሾመ፣ እስካለሁ አልረሳህም፤ ብቻዬን ማስታወስ ግን ከበደኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እስካሁን አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉኝ። ነገ ደጃቸው ላይ እቆማለሁ፤ ስምህንም ቀድሜ የምጠራው እኔ ነኝ።

ያንተው አስቴር