ጸጥተኛው ኮሪደር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የፐርዝ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ወሬ ለማብዛት አይደለም። ከዚህ መጦሪያ ቤት ስለ እኔ ሳይደውሉልሽ አይቀሩም፤ ነገሩን ቀድመሽ ከእኔ እንድትሰሚው ፈልጌ ነው።

እኛን የዚህ አገር ሽማግሌዎችን ታውቂናለሽ። እግራችን ቢሰበር እንኳ «ምንም አይደል፣ አትቸገሩ» ነው የምንለው። አስቸጋሪ ከመባል ሞት ይሻለናል። በኛ ኮሪደር የሚንከባከቡን ሁለት ልጆች ላብ በላብ ሆነው ሲሯሯጡ እያየን አንጀታችን ስለማይችል፣ ሻይ ላይ ተሰብስበን ካልባሰብን በቀር የጥሪውን ደወል ላለመጫን ተስማማን። ውሃ ቢጠማን ቻልነው፤ ሽንት ቤትም ግድግዳ ተደግፈን ሄድን። ጎረቤቴ ኖሪን «ልጆቹ ትንሽ ይረፉ» ትል ነበር። ደግ የሠራን መስሎን!

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ ኬክ ይዛ መጣች። ከቤቱ ሁሉ የናንተ ኮሪደር ጸጥተኛው ነው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የተመዘገበ ደወል የሚባል የለም ብላ አመሰገነችን። አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ፣ ሥራ አይበዛባችሁም ተብሎ አንዷ ልጅ ወደ ሌላ ኮሪደር ተዛወረችና የፊጂዋ ልጅ ሴሬአና ብቻዋን ቀረችልን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ዳቦም አይገባም ለካ።

ኖሪን የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንት ቤቱ በር ላይ ወደቀች፤ የደወሉ ገመድ እጇ ሥር ነበር፣ አልሳበችውም። ሴሬአና ሻይ ይዛ ስትገባ ወለሉ ላይ አገኘቻት። «ሌሎቹን ስታጎርሺ ላላቋርጥሽ ብዬ ነው» አለቻት አሉ። ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ወሰዷት፤ በዚያው ቀረች። በግድግዳው በኩል ሬዲዮዋን እሰማ ነበር፤ ዛሬ የምሰማው የለኝም። ብቸኝነቱ ልቤን በላው፣ ልጄ።

ከተቀበረች በኋላ እልህ ያዘኝ። ምሳ ላይ ሁሉንም፣ የሚያስፈልገን ነገር ሲኖር እንደውል አልኳቸው። ዕድሜውን በግ ሲሸልት የኖረው ክላሪ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ጠርቼ የማላውቅ ሰውዬ ዛሬ ለካልሲ ልጥራ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ካልሲህን ስታጠልቅ ተደፍተህ ጥርስህን ከምንለቅምልህ ጥራ!» አልኩት። ጥርሱ ሰው ሠራሽ መሆኑን ረስቼው ነው።

የሆነው ሆኖ ደወልን። ሴሬአና እያለከለከች መጥታ «እማማ፣ ዛሬ ምን ነካችሁ? ልትገድሉኝ ነው?» አለችኝ። ምክንያቱን ስነግራት ላቧን በክንዷ ጠረገች። ቀጥላም «እንግዲያው ደውሉ። እዘገያለሁ፤ ግን ደውሉ» አለች።

ሥራ አስኪያጇ ደወሉ ሲበዛባት መጣች። ጎንበስ ብላ የጎደለባችሁ ነገር አለ ወይ ስትል፣ ብታያቸው! አንድ በአንድ «ኧረ ምንም፣ የኔ እመቤት፣ ደህና ነን» አሏት። ክላሪማ ጭራሽ ስለ ኬኩ አመሰገናት። እኔ ብቻ የኖሪንን ነገር አነሳሁ። ሁለተኛዋ ልጅ ትመለስልን አልኩ። ጠረጴዛም መታሁ መሰለኝ፣ ሻዩ ተደፋ። እጄን ዳበስ አድርጋ «ሰሞኑን ተረብሸዋል፤ ሐኪሙን እናማክራለን» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ መደወሉን ተዉት። የኔ ደወል ብቻ ቀረ።

እንግዲህ የሚደውሉልሽ ለዚህ ነው። «እናትሽ ደወሉን አልለቅ ብለዋል፣ ሰላም አጥተዋል፣ የሚያረጋጋ ኪኒን እንስጣቸው?» ይሉሻል። ያላንቺ ፈቃድ አይችሉም። ስልክ ላይ ድምፃቸው ማር ነው፤ አንቺም ሥራ ላይ ሆነሽ ስለምትቸኩዪ በቶሎ እሺ እንዳትያቸው አደራ። መጀመሪያ መጥተሽ አንድ ከሰዓት አብረሽኝ ተቀመጪ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አትቸገሪ እያልኩሽ ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው። ነይልኝ።

ይህችን ደብዳቤ ለመጨረስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ያሸልበኛል። ሰሞኑን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ምሳም በእንቅልፍ እያለፈኝ ነው። ከመድኃኒቶቼ መሃል አንዲት የማላውቃት ነጭ ኪኒን አይቼ ተረኛዋን ነርስ ምንድን ናት አልኳት። «አይጨነቁ፣ ቤተሰብዎ ያውቃል» አለችኝ።

እኔ ካንቺ ሌላ ቤተሰብ የለኝም። ከሌላ ሰው ጋር አምታታችኝ መሰለኝ።

ቤትሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ልጆችሽ ይባረኩ፤ እርጅናሽንም ያሳምርልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ