ለቅሶ ላይ የደረሰው የሰርግ ዘፈን

ሰኞ

ዳንኤል ነው ጉድ የሠራኝ። የልጄ ባል ዳንኤል፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ዛሬ ጎረቤቴ ጫልቱ ዘንድ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ልጇን ገመቹን ቅዳሜ ቀበርነው። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ለመቃወም ሰልፍ እንደወጣ ዋናው መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ቀረ። ገና ለጋ ልጅ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው የእኔን አጥር ተጠግቶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ መጣ። ወዲያው ከእኔ ቤት ከበሮና ጭብጨባ ተነሳ። የሰርግ ዘፈን! የሟቹ ባለቤቴ ድምፅ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

ሮጥኩ። ቁልፉ አልገባ አለኝ። ከገባሁም በኋላ የቱን እንደምነካ አላወቅኩም፤ ገመዱን ሁሉ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ስመለስ ጫልቱ፣ «አዴ ብርቄ፣ የገዛ ሰርጌን አሰሙኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ ስትዳር ባለቤቴ የዘፈነው ነው። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ቤታቸው ሙሽራ አለ እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ማክሰኞ

የባለቤቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ዳንኤል ነው። ዘፈኖቹን የሚያስቀምጥና የሚያጫውት ፕሮግራምም ጫነልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ እሱም አማርኛ ብቻ። ስለዚህ ሁሉም በራሱ እንዲሠራ አደረገው። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። «እማማ፣ እርስዎ ምንም አይንኩ» አለኝ። ደግ ነገር የሠራ መስሎታል።

ነቅዬ ልተወው እችል ነበር። ግን ካሴቶቹን ቴፑ በልቷቸዋል፤ ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ስነቅለው ጠፍቶ እንደሆነስ? የስፒከሩን ገመድ ትቼ ኮምፒውተሩን ብቻ ሰካሁ። ዘፈኖቹ አሉ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ማስተካከል። ጫልቱን «አይደገምም» የምላት እውነት ሲሆን ብቻ ነው። መንገድ ስለተዘጋ ዳንኤል ከአዲስ አበባ እዚህ ሰበታ ድረስ መምጣት አይችልም። በስልክ መራኝ። ጥርስ ያለው ክብ ምልክት ጫንኩ፤ ትንንሽ ሳጥኖች መጡ። «ሁለተኛው ሳጥን ላይ ያለውን ያጥፉት» ሲል ኔትወርክ ሄደ።

ሁለተኛው ሳጥን ላይ ራይት አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ኤክስ አለ። ኤክሷን ነካሁ፤ ሁሉም ጠፋ። ተገላገልኩ አልኩ።

ረቡዕ

አልተገላገልኩም። ስፒከሩን ሳልሰካ ልሞክረው ብዬ ኮምፒውተሩን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ፕሮግራሙ ብድግ ብሎ ተከፈተ፤ የዘፈኑ መስመር መሄድ ጀመረ። ስፒከሩ ቢኖር ዛሬም ድንኳኑ ይሰማ ነበር።

ዳንኤልን እስካገኘው እኩለ ቀን ሆነ።

«ያልኩዎትን አጥፍተዋል?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ራይቱ የለም?»

«ራይቱማ እንዴት ይነካል? ትክክል ነው ተብሎ የተደረገ!»

ሳቀ። በዚህ ሳምንት የሰማሁት ሳቅ ይኸው ብቻ ነው። ስልኩን ልዘጋበት ነበር። መሠረተ ትምህርት ስንማር ትክክል ለጻፈ ራይት፣ ለተሳሳተ ኤክስ ነበር። እዚህ ግን ራይት ማለት «ይህን ሥራ» ማለት ነው አለኝ። ማን ነግሮኝ ልወቅ?

ራይቷን ነካኋት፤ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ፕሮግራሙ አልተከፈተም። ደገምኩት። አሁንም አልተከፈተም።

ሐሙስ

ንፍሮ ይዤ ሄድኩ። ጫልቱ ፍራሹ ላይ ነበረች፤ ባሏ ኦቦ ለማ አጠገቧ።

«አይደገምም። አስተካክዬዋለሁ» አልኳት።

«ራስዎ?»

«ራሴ።»

ኦቦ ለማ፣ «ተያቸው እንግዲህ። መብራት ሲመጣ የሆነ ነው፤ እሳቸው ምን ያድርጉ?» አላት።

ጫልቱ ንፍሮውን ተቀበለችኝ። ከዚያ ድንኳኑን እያየች፣ «ድምፁን ስሰማ ለአፍታ ገመቹ የሚዳር መሰለኝ» አለች።

ባጠገቧ ትንሽ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ተቀመጥኩ። እስከምነሳ ድረስ ዓይኔን አላየችም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።

ዳንኤል ማታ ደውሎ ድምፁን ቀንሼ እንድሰማ፣ ካልሆነም የጆሮ ማዳመጫ እንዲልክልኝ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። ጫልቱ በራሷ አፍ «ይከፈት» እስክትለኝ ድረስ፣ ጮክ አድርጌም ሆነ ለብቻዬ፣ የባለቤቴን ድምፅ ከእንግዲህ አልሰማም።