የትምህርት ቤቱ በርና የእኔ ሱቅ

ሰኞ

በሩ ይዘጋ አሉ። ከሰዓት በኋላ የወላጆች ኮሚቴ ስንሰበሰብ ርዕሰ መምህሩ ገና ሳይቀመጥ ተናገረው። በአስፋልቱ በኩል ያለው ዋና በር ይዘጋ፤ በጓሮ በኩል፣ በጭቃው መንገድ፣ ቆርቆሮ የተመታበት አሮጌ በር አለ፤ እሱ ይከፈትና ልጆቹ በዚያ ይግቡ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ከበሩ ስትወጣ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ በጀሶ ታስሯል።

ሱቄ ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ሌላ ሥራ የለኝም።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ሁላችንም በፈቃዳችን የገባን፣ አበል የማናውቅ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ልጄ ሲፈን እዚያው አምስተኛ ክፍል ናት። ሰብሳቢያችን ኦቦ ገመቹ በጓሮው መንገድ ላይ ሰፊ ቦታ አለው፤ በሩ ወደዚያ ከዞረ ዋጋው ይጨምርለታል። ዛሬ ስለ ልጆች ደኅንነት ሲናገር ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አልኩ በሆዴ። ወዲያው የራሴ ሱቅ ትዝ አለኝ። ቶለሳ ደግሞ የባጃጆቹ ተራ ተጠሪ ነው፤ ተራቸውም እዚያው በሩ ላይ ነው። «ሾፌር ይመከራል እንጂ በር አይዘጋም» አለ። አንዳችን የአንዳችንን ጥቅም እናውቃለን፤ አንድም ሰው ግን አላነሣውም። ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጠረ።

ማክሰኞ

በሩ ቢዘጋ ማን ይመጣልኛል?

ጠዋት እርሳስ የጠፋባቸው ልጆች፦ አይመጡም።
ፈተና የሚያባዙ መምህራን፦ ምናልባት፣ ዝናብ ከሌለ።
ልጅ የሚያደርሱ እናቶች፦ አይመጡም።
ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች፦ ይመጣሉ። እነሱ ሰዓት ነው የሚጠይቁኝ።

ባለቤቴ ያደታ ሥራው ጊምቢ ነው፤ ማታ ሲደውል ነገርኩት። «እንጀራሽ እኮ ነው፤ ዝም ብለሽ አትደግፉ በያቸው» አለኝ። ዝም ብሎ መናገር እንዴት እንደሚቻል አልጠየቅኩትም። እሱ ሲመቸው እንዲህ ነው የሚመክረኝ።

ረቡዕ

አዴ ደሚቱ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ የእኛም ኮሚቴ አባል። የመጣሁበትን ሳልጨርስ ገባት። «እኛ ዘንድ ነገሩ የሽማግሌውን ቤት ከነካ ሽማግሌው ተነሥቶ ይወጣል። ቂም የለም፣ ሐሜት የለም። አንቺም ተናገሪና ውጪ፣ ኢሺ?» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ለሱቄም አልከራከርም፣ በሱቄም ላይ አልፈርድም። እንዲህ ቀላል መሆኑን እንዴት አላሰብኩትም? ዛሬ ተኝቼ አድራለሁ ማለት እችላለሁ።

ሐሙስ

ቃለ ጉባኤውን ከመክፈቴ በፊት ተነሣሁ። «ሱቄ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚህ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም» ብዬ መዝገቡን ለመምህራን ተወካይዋ ሰጥቼ ወጣሁ። ኩራት ተሰማኝ።

በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ኦቦ ገመቹ መጣ። «አንቺ ወጥተሽ እኔ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ቶለሳ። እሱ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ሦስታችን ክትባት እንደሚጠብቅ ሕፃን ተደርድረን ቀረን።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ወጣ። ውስጥ አራት ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ በመተዳደሪያችን አምስት ካልሞላ አይወሰንም። ቀጣዩ መደበኛ ስብሰባ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በሩም እስከዚያ ባለበት ይቆያል ማለት ነው።

ሱቄን ከፍቼ እስኪመሽ ሠራሁ። ገበያው ጥሩ ነበር።

አርብ

የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሜ ተነሥቷል። «እንደ አዴ የሺ ያለ ሰው ይብዛልን።» አበባ የላኩም አሉ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልዋሽም።

ረፋዱ ላይ ዘይነባ መጣች። የተገጨችው ልጅ እናት ናት። ቤተሰቧ እንደ እኔ ቤተሰብ ከወሎ የመጣ፤ ከጊዳ አያና ተፈናቅላ እዚህ ከተማ ተከራይታ ነው የምትኖረው። የሐኪም ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ ነው። «እትዬ የሺ፣ ስለ ሐቅ ብለው ወጡ አሉኝ፤ አላህ ይስጥዎት» አለች። ወረቀቱን ተቀብላ ልትወጣ ስትል ዞረች። «በሩስ ታዲያ መቼ ነው የሚዞረው?»

«ይታያል» አልኳት።

ሰኞ ዕለት ያልጻፍኩት ነገር አለ። ልጅቷ አስፋልቱን የተሻገረችው ወደ እኔ ስትመጣ ነው። እርሳስ ልትገዛ። ዘይነባ ይህን ታውቃለች፤ አንዴም አላነሣችብኝም። አፈርኩ። ንጹሕ መስዬ የወጣሁት ለሱቄ ሁለት ወር ገዝቼ ነው። አስቤው አልነበረም፤ ግን ሆነ።

ቅዳሜ

ጠዋት ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። «አከም ቡልተን» ተባብለን ብዙ ሳንቆይ ገባሁበት። አስቸኳይ ስብሰባ ይጥሩልን አልኩት።

«ተጠርቶስ? ለመሬቱ ብሎ ነው እንዲሉኝ?»

«ይበሉዎት። እኔንም ለሱቋ ብላ ወጣች ማለታቸው አይቀርም። የያንዳንዳችን ጥቅም መጀመሪያ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እንወስን።»

ይሉኝታ የሚያስጨንቀው ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። በመጨረሻ «እጄን ግን አላነሣም፤ ቁጥር ለመሙላት ብቻ ነው የምቀመጠው» አለኝ። ለቶለሳም እሱው ደወለለት። ሰኞ ተባለ።

እሑድ

ምንም። ራሴን ሲያመኝ ዋለ። ሲፈን «እማ፣ ሱቁ ይዘጋል እንዴ?» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም።

ሰኞ

በገዛ እጄ ጻፍኩት፦ «ጸሐፊዋ ከዋናው በር ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ሰብሳቢው በጓሮው መንገድ ቦታ አለው። አቶ ቶለሳ የባጃጅ ተራው ተጠሪ ነው።» ጮክ ብዬ ሳነበው ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየ። ጣሪያው ግን አልወደቀብንም።

ድምፅ ተሰጠ። በሩ ይዙር ያሉ፦ ርዕሰ መምህሩ፣ አዴ ደሚቱ፣ የመምህራን ተወካይዋ። ሦስት። ቶለሳ ተቃወመ። ጭቃውን የፈራ አንድ ወላጅም ተቃወመ። ኦቦ ገመቹ እጁን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። ለመወሰን ከሰባቱ አራት ድምፅ ያስፈልጋል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እስክርቢቶውን የያዝኩት በቀኝ እጄ ነበር፤ አስቀመጥኩትና አነሣሁ። እጅ ለማንሣት ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ቆጠርኩ፤ የራሴንም ቆጠርኩና አራት ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ

ቆርቆሮው ማለዳ ተነቀለ። ጥበቃው ዋናውን በር በሰንሰለት አሰረው።

ግሩፑ ላይ ዛሬ ሌላ ወሬ ነው። «አዴ የሺ ሱቋን ለመሸጥ ጨርሳ ነው አሉ፤ አለዚያማ ማን በእንጀራው ላይ እጁን ያነሣል?» ስወጣ አበባ ላኩልኝ፤ ስቀመጥ ጥቅሜን ይፈልጋሉ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት።

ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ ተሰማ። አስፋልቱ ላይ አንድም ልጅ የለም። ባጃጆቹ እየበረሩ ያልፋሉ። እስከ እኩለ ቀን አንድ ሰው መጣ፤ ሰዓት ጠይቆኝ ሄደ። ከፋኝ፤ ደብተሮቹን አቧራ ሳላራግፍ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። የወሩ መጨረሻ ላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እንደገና ድምፅ ስጪ ብባል ግን እጄን አነሣለሁ፤ ያኔም እየከፋኝ።