ዘጠና ዲግሪ

ግንቦት 4
አራት አንሶላ ሰፍቼ ጨረስኩ። ባሌ አልጋ ላይ፣ እግሩ ትራስ ላይ፣ እኔ ላይ ታች ስል። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ካደረገ ሦስተኛ ሳምንቱ። አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጥቶ ነው የወደቀው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወንበሩ ከፍ ይላል፤ ዛሬ መሰላል ሆኗል። አምፖሉን በኋላ እኔ ቀየርኩት። ይህን ለጠያቂ አይናገርም።

ግንቦት 6
ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች። ልጅ ናት፣ ግን ቀልድ አታውቅም። እንደ ማስመሪያ ያለ የሚታጠፍ ነገር ጉልበቱ ላይ አድርጋ ለካች።
"አርባ ዲግሪ።"
"ጥሩ ነው?"
"እንደ ሰው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ዘጠና ያስፈልጋል፣ ጋሼ።"
እስከ ሰኔ ማለቂያ ካልደረሰ እንደገና ሆስፒታል። አደንዝዘው በግድ ያጥፉታል። ስዕል ያለበት ወረቀት ሰጠችን። ተረከዝን አልጋው ላይ እየጎተቱ ጉልበትን ማጠፍ፣ ሃያ ጊዜ፣ በቀን አራቴ።
"ያማል?" አለ።
"ያማል" አለች።
ወደድኳት።

ግንቦት 9
እግዜር ይመስገን፣ እየሠራ ነው። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ፣ እሱ ከዚያኛው ክፍል ይቆጥራል። "አሥራ ስምንት... አሥራ ዘጠኝ... ኧረ እግሬን... ሃያ።" ከዚያ ውሃ። ከዚያ ትራስ። ከዚያ ሬዲዮ። ሽንት ቤት ስወስደው ትከሻዬ ላይ እንደ ጆንያ ይጫናል። ይሁን... ደክሞታል።

ግንቦት 13
ተለካ። አርባ ሁለት። ልጅቷ ወረቀቷን አየች፣ እሱን አየች።
"በደንብ ይሠራሉ?"
"ምስክሬ እሷ ናት።"
መሰከርኩ። በጆሮዬ እሰማለሁ አልኩ።

ግንቦት 14
ክር አልቆብኝ በባዶ እግሬ ወደ ጓዳ ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሏል። "አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት..." እግሩ ትራሱ ላይ ጋደም እንዳለ ነው። ዐይኑ ጋዜጣ ላይ። አሥራ አምስት ላይ ገጽ ገለጠ። አሥራ ሰባት ላይ አቃሰተ። ሰው ሳይሠራ እንዴት ያቃስታል? ለካ ሲታከም የከረመው አፉ ነው።
ክሬን ይዤ ተመለስኩ። ዝም አይነቅዝም። ግን በሐሰት መስክሬያለሁ... ይህ አንገበገበኝ።

ግንቦት 17
እህቱ መጣች። ነጭ የለበሰች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት አስከትላለች። የሁለንተናዊ ጤና አማካሪ ናት አሉኝ። ጉልበቱን አልነካችውም። ክፍሉን ዞረች፣ በረጅሙ ተነፈሰች።
"ሕመሙ ያለው ጉልበቱ ውስጥ አይደለም።"
ታዲያ የት? አልጋው ወደ በር ስለሚያይ ኃይሉ ሁሉ በበሩ እየወጣ ነው። ስንት ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ... የባሌ ኃይል አንድም ቀን መንገድ ላይ አልገጠመኝም።
"ራስጌው ወደ መስኮት ይዙር።"
"ወንድሜን ከወደድሽው ዛሬውኑ ነው" አለች እህቱ።
እሱ በማዞሩ ተስማማ። በመውረዱ ግን አልተስማማም፤ ጉልበቱ ይናጋል። አልጋውን ከነባለቤቱ ገፋሁት። አማካሪዋ ትንፋሼን እንዳስተካክል መከረችኝ። ግማሽ ላይ ወገቤ ቀጭ አለ።

ግንቦት 18
መነሳት አልቻልኩም። ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ግንቦት 20
ልጅቷ እሱን ልትለካ መጥታ እኔን ወለል ላይ ተዘርግቼ አገኘችኝ። እሱ አርባ ሦስት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።
"ማነው የሚያነሳቸው?"
"እኔ።"
"ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ አይደሉም። ይህ ወገብ አሁን ካላረፈ ስፌቱንም ይረሱት።"
ስፌቱን? ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ለእኔም ወረቀት ሰጠችኝ። በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ውጪ መራመድ።
"እኔስ?" አለ ከአልጋው።
"ክራንቹ አጠገብዎ ነው፣ ጋሼ።"
በር ላይ፣ ሳይሠራ እንደሚቆጥር ነገርኳት። የሰጠሁትን ምስክርነት ሻርኩ። አልገረማትም። "ቆጣሪ ሞልቷል" አለች።

ግንቦት 24
"ውሃ።"
"ዘጠኝ..."
"ሴትዮ፣ ውሃ አልኩ እኮ።"
"አሥር..."
የእኔ ዳሌ ግን የምር ይነሳል። ሃያ ስደርስ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ሲንኳኳ ሰማሁ። ማን ይሆን? ሌባ አይመስልም። ሌባ እንዲህ እየተራገመ አይሰርቅም።

ሰኔ 1
ስልሳ ስምንት። እህቱ ደወለች።
"አላልኩሽም? አልጋው ነው።"
"እውነትሽን ነው፣ እትዬ። አልጋው ነው።"
አልዋሸሁም። አልጋውን ባልገፋ ወገቤ አይቀጭም፣ ወገቤ ባይቀጭ እሱ አይነሳም። አማካሪዋ ምስጋና ይገባታል... ብቻ ምን እንዳደረገች አታውቅም።

ሰኔ 5
አሁን አይቆጥርም። ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ሲያጥፈው ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ይላል። ትራሱን ላስተካክልለት እጄ ሄደ፣ መለስኩት።
"ዳግመኛ የሚሰበር መስሎኝ ነው" አለ፣ ሳያየኝ።
"አውቃለሁ" አልኩ።
አላውቅም ነበር። ሃያ ጊዜ ከሚዋሽ አንዴ ፈራሁ ቢል ምን ነበረበት? እኔስ ብጠይቀው?

ሰኔ 12
ጠዋት ተለካ፤ ሰማንያ አራት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ስድስት ቀረ።
ከሰዓት ግማሽ ሰዓቴን ልራመድ ተነሳሁ።
"ምሳስ?"
"ድስቱ ውስጥ።"
"ማን ያቀርባል?"
ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ከቤታችን በታች፣ ዛፎቹ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍኩ። ወገቤ ዝም ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ አንድ ሰው በክራንች ብቅ አለ። ደረጃውን ብቻውን ወርዷል ማለት ነው። ተቆጥቷል። ቁጣ ለጉልበት እንዲህ እንደሚስማማ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እግሩ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይጎተት እየታጠፈ መጣ። ሲቀርብ ቁጣው አለቀበት፣ ደከመው፣ ዐይኑ ከጎኔ ባዶው ቦታ ላይ አረፈ። አሳዘነኝ። ጠጋ ልልለት ቀሚሴን ሰበሰብኩ።
ግን ገና ስድስት ዲግሪ ይቀረዋል...
ተነሳሁና ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።