የእማዬ ካርድ

ጥቅምት 6

ዛሬም ያው። ቢሮ፣ ስብሰባ፣ ሪፖርት። ከስታዲየም ታክሲ ጠፍቶ እስከ ቡልጋሪያ በእግሬ።

ቤት ስገባ እማዬና እህቴ ሩቲ የሰው ሰርግ ሲያሙ ደረስኩ። እማዬ ግራ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች። ጣቶቿ አሁንም አይነሱም። ሦስት ወር ሞላው... ካዛንቺስ ባለው ክሊኒክ ለወገቧ ሕመም የወጓት መርፌ ነርቭ ነካ። "እግሬን ነዘረኝ!" ብላ ጮኸች። ነርሷም "ይለቅዎታል እማማ" አለቻት።

አልለቀቃትም።

ጥቅምት 11

አርያም ጋ ሄድኩ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ አሁን ጠበቃ ናት። ሜክሲኮ ቢሮ ከፍታለች፣ ወንበሯ ብቻ የኛን ሳሎን ያክላል! ማን አገባ፣ ማን ፈታ ስንል ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ቁምነገር።

"መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጋ አቤቱታ ታስገባላችሁ። ስህተት መኖሩን እነሱ ያጣራሉ። ካሳ ደግሞ በፍርድ ቤት ነው። ሁለት ዓመት እንዳያልፋችሁ ብቻ።"

"ፖሊስስ?"

"እሱም አለ። ማለቴ... እናትሽ ነርሷ እንድትታሰር ትፈልጋለች?"

አትፈልግም። ጥፋት መሆኑ እንዲታወቅላት ነው የምትፈልገው።

"በቃ፣ ካርዷን አምጡ። ምን እንደወጓት፣ ማን እንደወጋት የተጻፈው እሱ ላይ ነው።"

ጥቅምት 13

ከእማዬ ጋር ክሊኒኩ ሄድን። ክንዴን ይዛ፣ ቀስ እያለች። ለአቤቱታ ካርዷን እንፈልጋለን ስንል ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ቀና ሳትል "ጠፍቷል" አለች። እንዴት ይጠፋል? "እንግዲህ ምን ላድርግ እህቴ፣ እየፈለግን ነው።"

እማዬ ታክሲ ውስጥ፦ "ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። መዝገብ በገዛ እግሩ አይሄድም።"

 

ጥቅምት 19

ጉድ! ሽማግሌ ተላከብን። እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ሦስት ሆነው። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ተስፋማርያም ከፊት። የክሊኒኩ ባለቤት የሚስታቸው ዘመድ ነው አሉ (ሩቲ ናት የሹክሹክታዋ ባለቤት፣ የማታውቀው የለም)።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።"

"የመጣንበት ሳይሰምር አንቀመጥም። ጀማነሽ፣ ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በይ።"

 እማዬ ሽማግሌ መልሳ አታውቅም። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

"ልጅቷን ከልቤ ይቅር ብያለሁ። በሉ ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ጋሼ ተስፋማርያም ፊታቸው በራ። ሩቲ ለስላሳ ቀዳች።

"እንግዲህ አሁን የኔም ሽማግሌዎች ናችሁ አይደል?" አለች እማዬ።

"እንዴታ!"

"እንግዲያው የኔንም መልእክት አድርሱልኝ። ይቅርታው ለልጅቷ ነው፣ አቤቱታው ግን አይቀርም። ካርድሽ ጠፋ ብለውኛል። ካርድ ደብቀው ሽማግሌ ከላኩ፣ ያሳፈሩት እኔን ሳይሆን እናንተን ነው።"

አንደኛውን ሽማግሌ ለስላሳው ትን አላቸው። ጋሼ ተስፋማርያም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ይሄንንስ አልነገሩንም..."

ከሄዱ በኋላ ሳምኳት። ጉንጯን፣ ግንባሯን። "ምን ሆነሻል አንቺ? ሂጂ ብርጭቆውን አንሺ!" አለችኝ።

ጥቅምት 23

ካርዱ "ተገኘ"! ጋሼ ተስፋማርያም ክሊኒኩ ድረስ ሄደው "ካርዱ ሳይወጣ አንቀመጥም" አሉ አሉ። ሦስቱም በቁማቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ፣ አርባ ደቂቃ! ማህተም ያለበት ኮፒ ይዘው መጡ። መርፌው ተጽፏል፣ የወጋችውም ፈርማለች። እማዬ እግሬን ነዘረኝ ማለቷ ግን የለም።

ጥር 15

አቤቱታውን አስገብተን ዛሬ እማዬ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ነርሷም ነበረች። ልጅ ናት... አለቀሰች። እማዬ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞራ የጀመረችውን ቀጠለች፤ የት እንደወጓት፣ ምን ብላ እንደጮኸች፣ ምን እንደተመለሰላት። አንዲት ቃል አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። እኔ እንኳ ነርሷን አይቼ በቃ ይቅርባት ልል ነበር። እማዬ እንዴት ሁለቱንም ቻለችበት?

ሚያዝያ 8

የኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። "የሙያ ግድፈት መፈጸሙ ተረጋግጧል።" ሁለቴ አስነበበችኝ።

ሚያዝያ 22

ፍርድ ቤት፣ የካሳ ክስ ልንከፍት። አርያም በመዝገብ ቤቱ መስኮት ወረቀቱን አቀረበች። ሠራተኛው አርያምን አየ፣ እኔን አየ።

"ከሳሽ ማን ናት?"

አፌን ልከፍት ስል እማዬ ከዘራዋን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወደ ፊት ተጠጋች።

"እኔ ነኝ። ጀማነሽ አጥናፉ። ጻፈው።"