በሬውንና ጅቡን የቀየርኩበት ሳምንት

ዓርብ

ደሴ በጥፊ አጮለኝ። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ። ግራ ጆሮዬ እስካሁን ጭው ይላል። ይኼን ስጽፍ ራሱ ውስጡ ንብ ያለ ይመስለኛል።

ምን አልኩት? ምንም! ስልኩን ቻርጅ ሊያስደርግ መጣ። ትከሻው ላይ ያቺ አሮጌ ጠመንጃው አለች። «አያ ደሴ፣ እሷንም ልሰካልህ? ከተኮሰች ዘመን የላትም» አልኩት። ወረፋ የያዙት በሙሉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ጯ!

አያ ሙሉ፣ ስልክ ቻርጅ የማደርግበት ሱቅ ባለቤት፣ «ደግ አደረገህ» አለኝ። ደግ አደረገህ! አንድ ቀን እንኳ ለእኔ አያዳላም።

እሺ። እኔም ለደሴ ደግ አደረግሁለት።

ደሴ ፊደል አልቆጠረም። ስልኩ ባለ ንክኪ ነው፣ ልጁ ከአረብ አገር የላከችለት። ስም ማንበብ ስለማይችል በስም ፈንታ ስዕል አድርጌለታለሁ። እዚህ አርብ ገበያ ላልተማሩት ሽማግሌዎች ሁሉ የማደርገው እኔ ነኝ። ስዕሉን ነካ ሲያደርግ ይደውላል። ለልጁ አበባ፣ ለነፍስ አባቱ መስቀል፣ በሬ አቀናጅቶ አብሮት ለሚያርሰው ለአያ ውቤ በሬ። ለጫኔ ደግሞ ጅብ። ያን ጊዜ ጅቡን ሲያይ እንባው እስኪወርድ ነበር የሳቀው።

ጫኔ የድንበር ባላንጣው ነው። አምና በድንጋይ ተፈነካክተው ሽማግሌ አስታረቃቸው። ሽማግሌዎቹም ሕግ አወጡ፦ የአንዱ ከብት የሌላው ማሽላ ውስጥ ከገባ ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፣ ሚስኮል ብቻ። ሚስኮል የተደረገለት መጥቶ ከብቱን ዝም ብሎ ይነዳል። ደሴ ለውቤም ሚስኮል ነው የሚያደርግለት። የውቤው ግን «በሬህን ይዘህ ና፣ እንረስ» ማለት ነው።

ዛሬ ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ በሬውን ለጫኔ፣ ጅቡን ለውቤ አደረግሁት። ምራቄን እስክውጥ እንኳ አልፈጀም። ቁልፍ የለውም። የማንም ስልክ ቁልፍ የለውም። ሰው የጤፍ ጎተራውን በሰንሰለት ይቆልፋል፣ ስልኩን ግን «እንካ» ብሎኝ ገበያ ይገባል። የባንኩን የምስጢር ቁጥር ከመንገድ ማዶ ጮኾ የነገረኝ አለ። እኔ ደግሞ ሌባ አይደለሁም። የምሰርቀው ሳቅ ብቻ ነው።

ጫኔ ከብቱን ፍለጋ ይሮጣል፣ ከብት የለም፣ ደሴ ይደነግጣል፣ ይሰዳደባሉ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። አለቀ።

እሑድ

ምንም የለም። ትናንትም ሰንበት፣ ዛሬም ሰንበት፣ ማን ያርሳል? ነገ ነው ጉዱ። ጆሮዬ ትንሽ ተሻለው።

ሰኞ

ጽሑፌ ያስጠላል።

አያ ውቤ ሱቁ በር ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ጋቢው ደም ነው። የራሱ አይደለም፣ የጫኔ ነው። ተሸክሞት ነበር።

እንዲህ ነው ያለው፣ ግማሹን ከደሴ ሰምቶ። ንጋት ላይ ደሴ እታችኛው ማሳ ወርዶ ሚስኮል አደረገ። ለውቤ አልመጣለትም። «አንዲት ጥሪ አልጠራችም፣ በማርያም!» ይላል። ጉም ነበር። ደሴ ጎንበስ ብሎ ቀንበሩን ሲያበጅ ጫኔ ዱላ ይዞ ከጉሙ ውስጥ እየሮጠ ወጣበት።

«የታሉ ከብቶቼ?»

«የምን ከብት? ማሳዬ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«አንተ አይደለህ የጠራኸኝ!»

«እኔ አንተን? አብደሃል?»

ጫኔ ሊገድለኝ አታሎ ጠራኝ ብሎ አሰበ። ደሴም ሊገድለኝ መጣ ብሎ አሰበ። ጫኔ ቀደመ፣ የደሴን ክንድ በዱላ ሰበረው። ደሴ በቀረችው እጁ መጥረቢያ አነሣና በደነዙ በኩል የጫኔን ጭንቅላት መታው። አንዴ አይደለም። ውቤ ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ ጫኔ ትልሙ ውስጥ ተደፍቷል፣ ደሴ ደግሞ «ተነሥ! ተነሥ አንተ!» እያለ በእግሩ ይገፋዋል።

ጫኔን በቃሬዛ አውጥተው በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ወሰዱት። ታናሹ ልጁ አብሮት ሄደ። ይተነፍሳል አሉ። እንጃ።

አያ ውቤ ውሃ ስጠኝ አለኝ። ሰጠሁት። ጣሳው ላይ ደም ቀረ። አጠብኩት፣ እንደገና አጠብኩት።

ማክሰኞ

ከትናንት ቀትር ጀምሮ ኔትወርክ የለም። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ያወርዳል። ከደብረ ታቦር ወሬ የለም። ሞተ የሚል አለ። ቁጭ ብሎ ወተት ጠጣ የሚልም አለ። ሁለቱም በመድኃኔዓለም ይምላሉ።

አንዷ ሴትዮ «ጌቴ፣ ምነው ዛሬ አትቀልድም?» አለችኝ። ጥርሴን አመመኝ አልኳት።

ልንገራቸው? ለማን? የጫኔ ትልቁ ልጅ፣ ሰጠኝ የሚባለው፣ በገበያው መሀል መሣሪያ ይዞ ይመላለሳል። ትምህርት ቤት ሳይገባ ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። ዛሬ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ደሴ አባቴን ጠርቶ ነው የመታው። የአባቴ ስልክ ላይ ጥሪው አለ። ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።»

እውነቱን ነው። ጥሪው አለ።

ረቡዕ

ሲነጋጋ ተኩስ ሰማን። ሰጠኝ የደሴን በሬ በረቱ ደጃፍ ላይ ገደለው። ግንባሩን ነው ያለው። በሬው ወዲያው አልሞተም አሉ፣ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ደሴ በተሰበረ ክንዱ ሊወጣ ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ተኝታ አስቀረችው።

ሰጠኝ ሲሄድ ጮኾ ተናገረ፦ «ዛሬ በሬው! ሽማግሌ ነገ ይቀመጣል። አታሎ የጠራው መሆኑ ከተረጋገጠ ባለቤቱም ይኸው ነው!»

ምሳ አልበላሁም። ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው ሚኒባስ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ረዳቱ «ትገባለህ ወይስ ታያለህ?» አለኝ። ሳልሳፈር ሄደ።

ከሰዓት አያ ሙሉ መጣ። «ነገ ሽማግሌዎቹ እኛ ጋ ይመጣሉ። የጠቡ ዕለት የደሴን ስልክ ከጉያው አውጥተው ሽማግሌው ቄስ አባ ይባቤ ወስደውት ነበር፣ ማንም አልነካውም። አሁን ባትሪው ሞቷል። አንተ ሰክተህ ለማን እንደደወለ ታነብላቸዋለህ» አለኝ።

እጄ ላይ ሊመጣ ነው! አንድ ጊዜ ብቻ ልንካው። በሬውን ወደ ውቤ፣ ጅቡን ወደ ጫኔ። ማንም አያውቅም። እኔ ነፃ እወጣለሁ።

ደሴ ግን በሬውን ነክቻለሁ ብሎ ይምላል። እኔ ደግሞ በሬው ውቤ ነው ብዬ አነባለሁ። የጫኔ ስልክ ላይ ጥሪው አለ። ደሴ ውሸታም ይሆናል። ከዚያ ሰጠኝ ይገድለዋል።

በጥፊ መታኝ እንጂ አልገደለኝም እኮ።

ሐሙስ

በግራ ዓይኔ አላይም። በቀኙ ነው የምጽፈው።

የሱቁ ግቢ ሞላ። በዚህ በኩል የደሴ ወገን፣ በዚያ በኩል የጫኔ ወገን፣ ሁሉም መሣሪያ ታጥቋል። ደሴ ክንዱ በነጠላ ታስሯል። አባ ይባቤ ስልኩን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈቱና «ና ልጄ፣ ተቀበለኝ» አሉኝ።

«አይ አባ፣ ለእኔ አይስጡኝ!»

«ምነው?»

«እኔ ልነካው አይገባም። ከነካሁት ማንም አያምነኝም። እኔ ነኝ ያደረግሁት!»

ተናገርኩት። በሬውን፣ ጅቡን፣ ጥፊውን፣ ሁሉንም። ከዚያ አንዱ ሳቀ! «ይኼ ልጅ ደግሞ በሰው ደም ይቀልዳል።» ሌላው «ደሴ አስጠንቶት ነው» አለ። አያ ሙሉ ራሱ «ጌቴ፣ ዛሬ አይሆንም፣ ተው» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ አመኑኝ። ዛሬ እውነት ተናገርኩ፣ አላመነኝም አንድም ሰው።

አያ ሙሉ ስልኩን በሶላሩ ሰካው። ሲበራ አባ ይባቤ መነጽራቸውን አድርገው በሬው ሥር ያለውን ቁጥር አነበቡ። «የጫኔ ነው» አሉ።

ሰጠኝ መሣሪያውን አቀባበለ። «እኔ ቁጥር አላውቅም አባ። ያነበበ ሁሉ እንዳሻው ያነባል። የአባቴ ስልክ እዚህ አለ። ይጩህና በጆሮዬ ልስማው።»

ኔትወርክ ግን የለም።

ቁጭ አልን። ዝናብ መጣ፣ ማንም አልተነሣም። ደሴ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሬውን ይነካል፣ ጥሪው ይጠፋል። ይነካል፣ ይጠፋል። የሰጠኝ ጣት ከቃታው አልወረደም። እኔ በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ማንኛው ወገን ቢተኩስ የሚያገኘው እኔን ነው። ዳዊት ልደግም ፈልጌ መጀመሪያው ጠፋኝ።

አያ ሙሉ «አንድ እንጨት መጣ!» ብሎ ጮኸ። ኔትወርኩን ነው።

ደሴ በሬውን ነካ። የሰጠኝ ኪስ ጮኸ።

ሰጠኝ ስልኩን አወጣው፣ አየው። ደሴን አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የጠመንጃው ሰደፍ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ፣ ቀጥሎ ጎኔ ላይ አረፈ። ወድቄ ሳለ አንድ እግር ከሌላ በኩል ሆዴን ረገጠኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ደሴ ነው። ያ ሁሉ ሽማግሌ ያላስማማቸውን እኔ አስማማኋቸው! ጥርስ ተፋሁ። ሌላም ተፋሁ። አባ ይባቤ መስቀላቸውን ይዘው ላዬ ላይ ባይወድቁ ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ፈረዱ። ደሴ ለመጥረቢያው፣ ሰጠኝ ለበሬው ገና ለሽማግሌ ይቀመጣሉ። እስከዚያ ማንም አይተኩስም፣ ምለዋል። እኔ ጫኔ እስኪነሣ ድረስ የጤፍ መሬቱን አርሳለሁ።

«ባይነሣስ?» አለ ሰጠኝ። እኔን እያየ ነው የጠየቀው።

ዓርብ

ሽንት ቤት ስሄድ ደም አየሁ። ገበያ ነው፣ ሰው ስልኩን ለአያ ሙሉ ሲሰጥ ከመስኮት እሰማለሁ። «ያ ልጅ የለም አይደል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ኔትወርኩ እንደገና ጠፍቷል። ከደብረ ታቦር ምንም የለም።

ማክሰኞ

ከትናንት ጀምሮ አርሳለሁ። ጎኔ ሲወጋኝ እርፉን እለቀዋለሁ፣ ሞፈሩ ይንሻፈፋል፣ በሬዎቹም ንቀውኛል። እጄ ተልጦ ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል። ሰጠኝ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንበሩ ላይ ይቀመጣል። አያናግረኝም። አንዴ ቀልድ ሞከርኩ። አነጣጠረብኝ። ተውኩ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሆስፒታል ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ሰጠኝ ሰማ፣ ሰማ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ስልኩን ዘረጋልኝ። በቃ ሞተ አልኩ። መሣሪያውን አየሁ፣ ከማሳው ሥር ያለውን ገደል አየሁ። መሮጥ አልችልም። ተቀበልኩት።

የሚያንሾካሹክ ድምፅ ነው።

«ያ ውሻ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አያ ጫኔ።»

«ትልምህ ጠማማ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ አያ ጫኔ።»

«ከታች ጀምረህ ድገመው። ስመጣ ቀጥ ብሎ ካላገኘሁት ጀርባህን ነው የምልጠው።»

ስመጣ አለ! መቼ ብዬ ልጠይቀው ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ፣ የለም።

ሰጠኝ «ምን አለህ?» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን ወዲህ ያናገረኝ ገና ዛሬ ነው።

«ሊገርፈኝ ይመጣል።»

ፊቱን ወደ ማሽላው አዙሮ በጋቢው ጫፍ ጠራረገው። ለረጅም ጊዜ ጠራረገው። እኔም በሬዎቹን አዙሬ ከታች ጀመርኩ።